ህልም እንደ ፈቺው

(ደሴ ውስጥ ለጀማሪ የሥነ ልቦና አማካሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። የማንም ገመና እንዳይወጣ የብዙ ሰዎችን ታሪክ አቀላቅያለሁ። የጥናቶቹ ዓመታት እንደ ፈረንጆች፣ የአገራችን ዓመታት እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። የጦሳ ተራራ ዛሬ ጉሙን ለቆብናል። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከስህተት ልጀምር። ከራሴ ስህተት።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው መጡ። ሃምሳን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ፣ ጋቢያቸውን በወጉ ያጣፉ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። በኋላ ተመልሰዋል። እንቅልፋቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም።

"ሌሊት ምንድን ነው የሚያስጨንቅዎት?" አልኳቸው።

"ጣሪያው ያፈሳል" አሉኝ።

እኔ ደግሞ የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩያለሁ። ቤት ማለት ትዳር ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኩ። "ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ" አሉ። አልተውኳቸውም። ጣሪያ ከላይ ሆኖ የሚከልል ነገር ነው። አባት ነው፣ መከታ ነው። "ምናልባት ይጠብቀኛል ያሉት ሁሉ በክፉ ቀን ጥሎኝ ሄደ ብለው ይሆን?" አልኳቸው፣ ድምፄን ዝግ አድርጌ።

ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ "እህት ዓለም" አሉኝ፣ "ቆርቆሮው ነው። ጥይት በስቶታል። በዘነበ ቁጥር ባልዲ ስቀያይር ነው የማነጋው።"

ሳቃችሁ። እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ወንበሬ ላይ ቀለጥኩ።

ለምን እንዲህ ሆንኩ? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል አገሬው ነው። እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራው የዋድላ ቅኔ የዚሁ የወሎ ነው። ሰው አንድ ነገር ሲናገር ከሥሩ ሌላ ይፈለጋል። ጥሩ ጆሮ ነው። ለአማካሪ ግን አደገኛ ጆሮም ነው። ሰሙ ራሱ የተበሳ ቆርቆሮ ሲሆን ወርቅ ፍለጋ መቆፈር ሰውን ማስቀየም ነው።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው። አማካሪው ለሰሚው የሚሰጠው ትርጓሜ ሰውየውን ይለውጠዋል ወይ? ከለወጠስ በምን በኩል?

አስቀድሜ ቃሉን ላጥራ። የእኛ ሥራ በአማርኛ "ምክር" ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ ተቸግረናል። ሰው ሲመጣ ምክር ፈልጎ ነው የሚመጣው። ስለ ምክር ያለን አመለካከት ደግሞ ይታወቃል፤ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው።" ትርጓሜ ምክር አይደለም። "ባልሽን ታገሺው" ምክር ነው። "ሲቆጣሽ ዝም የምትዪው አባትሽ ሲቆጡ ዝም ትዪ እንደነበረው ይመስለኛል" ትርጓሜ ነው። አድርጊ የሚላት ነገር የለም። የምታውቀውን ነገር በማታውቀው በኩል ያሳያታል። ያልተገናኙ የመሰሉ ሁለት ነገሮችን ያገናኛል። በቃ ይህ ነው።

ማንጸባረቅ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ሰውየው ያለውን በራሱ ስሜት መልሶ መንገር ነው። አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ አማካሪው ከዚህ አልፎ ባይተረጉም ይመርጥ ነበር። ሰው የራሱን መንገድ ያገኛል ብሎ ያምናል። አከብረዋለሁ። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ማንጸባረቅ ብቻ አይሆንም። ሦስተኛው ቀን ላይ "አሁን አንቺ ምን ትያለሽ?" ይሏችኋል። ገደል ማሚቶ ለማዳመጥማ አዝዋ ገደል አለላቸው።

ደግሞ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። ይህን ከልባችሁ ያዙልኝ። ቢሯችን ሲደርስ ጉዳዩ ቢያንስ በአራት ሰው ተተርጉሟል። ጎረቤት "ዓይን በልቷት ነው" ብላለች። አክስት "የእናት እርግማን" ብላለች። ጸበል ቦታ ሌላ ተብሏል፣ በዱዓው ላይ ሌላ ተብሏል። ጓደኛ ደግሞ ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ ይዞ "ድባቴ ነው" ብሏል። እኛ አምስተኛ ነን። ልዩነታችን ዲግሪያችን ከመሰለን ተሳስተናል።

"ህልም እንደ ፈቺው ነው" ይላል የአገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ የሚባለው ለማስጠንቀቅ ነው፤ ህልምህን ለማን እንደምትነግር እወቅ ለማለት። እኔ ግን ትልቅ የሥነ ልቦና ጥያቄ ተሸክሞ ይታየኛል። ህልሙ አንድ ነው፣ ፈቺው ሲለያይ ግን ሰውየው የሚሆነው ይለያያል። ይህ ኃይል ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ በ1982 ቻርልስ ክሌቦርን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በደንብ አድርጎ በተነው። በእኔ አማርኛ ላስቀምጠው። አንደኛው አስተያየት ትርጓሜው የሚሠራው እውነት ስለሆነ ነው ይላል። ቁልፉ ከቀዳዳው ጋር ስለገጠመ ተከፈተ። ሁለተኛው የተናጋሪው ነገር ነው ይላል። አማካሪው ያውቃል፣ ይታመናል፣ ይወደዳል፤ ስለዚህ የሚለው ይሠራል። ሦስተኛው ደግሞ ዋናው ልዩነቱ ነው ይላል። ሰውየው ስለ ችግሩ ካለው አስተሳሰብ የተለየ ሌላ አስተሳሰብ ቀረበለት። ያ መለየት ነቀነቀው። ክሌቦርን ሚዛኑ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል።

እኔ በመጀመሪያው እምላለሁ ብዬ ነበር ወደ ሥራ የገባሁት። እውነቱን ካገኘሁት ይድናል። አሁን እንደዚያ አላስብም። ለምን እንደሆነ ከሁለተኛው ልነሳና ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኛን በጣም የሚመለከተን እሱ ነው።

በ1968 ስታንሊ ስትሮንግ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ምክክርን እንደ ተጽዕኖ አየው። አማካሪው እንደ አዋቂ ሲታይ፣ ሲወደድና ሲታመን ቃሉ ይከብዳል። እውነት ነው። እኛ ጋ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ይሉኝታ። ሰዎች እኔን "ዶክተር" ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም። ብናገርም የሚሰማኝ የለም፣ "እሺ ዶክተር" ይሉኛል። ዶክተር የተባለ ሰው አንድ ነገር ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ይቀበሉኛል። በአንገት ይቀበሉኛል። ውስጣቸው የገባ ይመስለኛል፣ እኔም ኩራት ይሰማኛል። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም።

አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው በጦርነቱ ወጥቶ የት እንደደረሰ አልታወቀም። በወጣበት ጠዋት ተጣልተው ነበር። "ከቤቴ ውጣልኝ" ብለውታል። እርግማኔ ደረሰበት ብለው ያምናሉ። እኔ ያኔ ምን አልኳቸው? "እናቴ፣ የሚያሰቃይዎት በልጅዎ ላይ የነበረዎት ንዴት ነው። ንዴቱን ስላላመኑት ወደ ራስዎ ዞረ።" መጽሐፍ ላይ ቢጻፍ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነው። ምናልባት እውነትም ሊሆን ይችላል። "እሺ ልጄ፣ እንዳልሽ ነው" አሉኝ። ጉልበቴን ሳሙ ማለት ይቀላል። ተመልሰው አልመጡም።

ያን "እሺ" ዛሬም እሰማዋለሁ። እሺ ማለት ገባኝ ማለት አይደለም። አንዳንዴ እሺ ማለት ልሂድ ማለት ነው።

የሥነ ልቦና ትንተናን የጀመረው የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ በ1937፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ላይ፣ በዚህ ነገር ላይ አንድ ጽሑፍ ጽፏል። ሰዎች ፍሮይድን ይሰድቡታል፣ ብዙውም ይገባዋል። ይህ ጽሑፉ ግን ለእኛ ተብሎ የተጻፈ ያህል ነው። ታካሚው አዎ ቢል ማስረጃ አይሆንም፣ አይደለም ቢልም ማስረጃ አይሆንም ይላል። ማስረጃው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ትርጓሜው ከተነገረ በኋላ ሰውየው አዲስ ነገር አስታወሰ? ያልተነገረ ነገር ተነገረ? ካልሆነ "አዎ" ባዶ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሌላ እናት መጡ። ታሪካቸው ከመጀመሪያዋ ጋር ይቀራረባል፤ እርግማን፣ የጠፋ ልጅ። ይህን ጊዜ ብዙ ቀን አዳመጥኩ። ከዚያ "እናቴ፣ እርስዎ እርግማን ነው ይላሉ። እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ይታየኛል፣ ልክ ካልሆንኩ ያርሙኝ" አልኳቸው። "ምናልባት በራስዎ ላይ መፍረድ ቢያቆሙ ልጅዎን የረሱት ይመስልዎት ይሆን?"

አዎም አላሉም፣ አይደለምም አላሉም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ "ቆሎ ቋጥሬለት ነበር እኮ" አሉ። "ውጣልኝ ካልኩት በኋላ ቆሎ ቆላሁለት። ኪሱ ከተትኩለት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።"

እዚያ ላይ ነው እኔ ሥራዬ የገባኝ።

አያችሁ፣ ያልኳቸው ነገር ከእርግማኑ ብዙ አልራቀም። ጥፋተኝነታቸውን አልካድኩም። "እርግማን የሚባል ነገር የለም" ብል ኖሮ እምነታቸውን ነካሁ። "አዎ እርግማን ነው" ብል ደግሞ ምን ጨመርኩ? በመሃል አንዲት እርምጃ ነበረች። ክሌቦርን "ልዩነት" ያለው ይህን ነው ብዬ እረዳዋለሁ። ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ሰውየው ካለበት አይነቃነቅም። ከበዛ ደግሞ "ይቺ ልጅ የፈረንጅ ነገር ታወራለች" ተብሎ ይተዋል። የሚደረስባት እርምጃ መሆን አለባት።

እዚህ ጋ ስደርስ አንድ መምህር ከመካከል እጃቸውን አወጡ። "ይቅርታ፣ ታዲያ ከጠንቋይ በምን ትለያላችሁ? ጠንቋዩም እኮ ሰውን ካለበት ያንቀሳቅሳል። ቤቱ ወረፋ ነው" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም።

በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መመርመሪያ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ "የአንተ ውጤት ነው" ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ ስጡ አላቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ነገራቸው። አብዛኛውን ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር የለቀመው። "ሰው እንዲወድህ ትፈልጋለህ፣ ራስህን ግን ትወቅሳለህ" ዓይነት ነገር። ይህ የማይመለከተው ማን አለ? እዚህ ከተቀመጥነው አለ?

እንግዲህ "ዶክተር፣ ልክ እንደሚያውቁኝ ነው የተናገሩት!" ስትባሉ በጣም አትደሰቱ። ያ ምስጋና ለጠንቋዩም ይሰጠዋል። ለመምህሩ የመለስኩላቸው እንዲህ ነው። ጠንቋዩ የሚለካው "አወቀልኝ" በመባል ነው። እኛ የምንለካው ቆሎው በመምጣቱ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። ጠንቋይ "ልክ ካልሆንኩ አርሙኝ" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ሌላ ነገር ልለፍ። ትርጓሜው ሰውየውን በምን መልክ ያሳየዋል? በ1982 ያው ስትሮንግ ከአንድ ባልደረባው ጋር ድባቴ ያለባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አንድ ሙከራ አድርጓል። ለአንዱ ቡድን ችግሩን በጎ አድርጎ የሚያሳይ ትርጓሜ ተሰጠ። ለሌላው ድክመቱን የሚያሳይ። ምክክሩ እየተካሄደ ሳለ ሁለቱም ተሻላቸው። ምክክሩ ሲያበቃ ግን ድክመታቸው የተነገራቸው ወደ ነበሩበት ተመለሱ። በጎው የተነገራቸው ጸኑ።

ይህን ሳነብ ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። የወሎ ቤት ይህን ታሪክ አያጣም። "ድንጋይ ሆኛለሁ" አለችኝ። "እናቴ አቅፋኝ ስታለቅስ እንኳ ምንም አይሰማኝም። ሰው መሆኔ ቀርቷል።" ሁለት ነገር ማለት እችል ነበር። አንደኛው "ማንም እንዳይቀርብሽ በራስሽ ዙሪያ አጥር ሠርተሻል" ነው። ሐሰት አይደለም። ግን ምን ይዛ ትሄዳለች? ሌላ ጥፋት። ስለዚህ "ያ ድንጋይነት ነው መሰለኝ እዚያ ቤት ውስጥ ያተረፈሽ" አልኳት። "ዘብ ቆሞልሽ ነበር። አገርሽ መግባትሽን ገና ማንም አልነገረውም።" ልጅቷ ሳቀች። ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ ነው። "እንግዲህ ዘቡን በምን ቋንቋ ልንገረው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዘቡ የሁለታችን ወሬ ሆነ። "ዛሬ ዘቡ ተኝቷል" እያለች ትገባለች።

ተጠንቀቁ፣ ይህ "አብሽሪ" ማለት አይደለም። አብሽር ውብ ቃላችን ነው፣ ማንም አይንካብኝ። ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መንገድ ላይ የሚያድን ቃል ነው። ምክክር ክፍል ውስጥ ግን ቶሎ ከተባለ ወሬውን ይዘጋዋል። ሰውየው ሊናገር አፉን ሲከፍት "አብሽር" ብሎ መክደን ነው።

ጊዜውንም እናንሳ። ጀምስ ስትሬቺ የፍሮይድን ሥራዎች ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ እንግሊዛዊ ነው። በ1934 ስለሚለውጥ ትርጓሜ ጻፈ። ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። ትርጓሜው በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ ደግሞም ስሜቱ ትኩስ ሆኖ ባለበት ሰዓት ላይ ይሁን። የሞቀ ነገር በሌለበት የሚነገር ትርጓሜ ትምህርት ነው እንጂ ለውጥ አይደለም።

የወሎ ሰው ይህን ከቡና ያውቀዋል። አቦሉ ላይ ማንም ዋናውን ነገር አያነሳም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰኞ ገበያ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው። ቶናው ላይ ስም መጠራት ይጀምራል። የሆዱ ነገር የሚወጣው በረካው ላይ ነው፣ ያውም ሲኒው እየታጠበ። ጀማሪ አማካሪ አቦሉ ላይ ወርቁን ያፈሳል። እኔም አፍስሻለሁ።

ቸኩሎ ያጠፋ ሐኪም ታሪክ ፍሮይድ በ1910 ጽፏል። አንዲት ሴት ከባሏ ተፋታች፣ አርባዎቹን ልትጨርስ ነው፣ በጭንቀት ተያዘች። አንድ ወጣት ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙ የጭንቀትሽ ምክንያት የወሲብ ጥም ነው አላት። ሦስት መንገድ አለሽ፤ ወይ ወደ ባልሽ ተመለሺ፣ ወይ ውሽማ ያዢ፣ ወይ በራስሽ ተወጪው። ሴትዮዋ ብሶባት ፍሮይድ ጋ መጣች። ፍሮይድ ተቆጣ። የሐኪሙ ግምት ልክ ይሁን አይሁን ብቻ አይደለም ጉዳዩ አለ። ሰውየው የማያውቀውን ነገር ስለነገርከው ብቻ አይድንም። ይህ በረሃብ ዘመን የምግብ ዝርዝር ወረቀት እንደማደል ነው አለ።

ይህን ምሳሌ ቪየና ሆኖ ማንበብ አንድ ነገር ነው። ወሎ ሆኖ ማንበብ ሌላ ነው። 66ን እና 77ን የሚያስታውስ ሰው ባለበት አዳራሽ ውስጥ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገኝም።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጓሜ አይሸከምም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ከትርጓሜ ሁሉ የሚከብደው ክፍሉ ውስጥ በእኔና በተማካሪው መካከል የሆነውን የሚያነሳው ነው። "ዛሬ ዘግይቼ ስገባ ዝም አልከኝ፤ ወንድምህ ሲበድልህ ዝም እንደምትለው ይሆን?" ዓይነት። በ1991 የወጣ የካናዳ ጥናት በአጭር ጊዜ ሕክምና ውስጥ ይህ ሲበዛ መግባባቱ እንደሚላላ፣ ውጤቱም እንደሚቀንስ አሳየ። በተለይ ከሰው ጋር መልካም ግንኙነት ያላቸውን ጎዳ። በ2006 ደግሞ ፔር ሆግለንድ የተባለ ኖርዌያዊ ከባልደረቦቹ ጋር 100 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለግማሹ እንዲህ ያለው ትርጓሜ በመጠኑ ተሰጠ፣ ለግማሹ ተከለከለ። አንድ ዓመት፣ በሳምንት አንዴ። በአማካይ ልዩነት አልታየም። ጠለቅ ብለው ሲያዩት ግን ከሰው ጋር መኗኗር ዕድሜ ልክ የከበዳቸው ሰዎች ከትርጓሜው የበለጠ ተጠቀሙ። ብዙ ባለሙያ ይጠብቅ የነበረው ተቃራኒውን ነበር። ደካማው አይችለውም ይባል ነበር።

እኔ ይህን እንዲህ ነው የተረዳሁት። ከወዳጅ ጋር ተኮራርፎ መታረቅን የሚያውቅ ሰው "በእኔና በአንተ መካከል ምን ሆነ?" ሲባል ነገር የተፈለገበት ይመስለዋል። ታርቆ የማያውቅ ሰው ግን ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ሳይጮህበት ስለ ኩርፊያ አወራው። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ እንደ ግምት ያዙት።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ብቻ። ትርጓሜ ትዝታም ሊሠራ ይችላል። አሜሪካዊቷ የትዝታ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ በ1995 ባወጡት ሥራ 24 ሰዎችን የልጅነት ታሪካቸውን ጠየቁ። ሦስቱ ታሪኮች ከቤተሰብ የተገኙ እውነት ናቸው። አንደኛው፣ በልጅነትህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር የሚለው፣ ፈጠራ ነው። ሩብ ያህሉ ሰው ያልሆነውን "አስታወሰ"። እንግዲህ "ይህ ፍርሃትሽ በልጅነትሽ የተደረገብሽ ነገር ያለ ይመስላል" ከማለታችን በፊት ምላሳችንን እንንከስ። ጠይቁ እንጂ አትሙሉላት። በዚህ ቀልድ የለኝም።

ታዲያ እንዴት እንናገር? ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራኖቻችን አንድ ቃል አላቸው፤ አንድም። አንድን ቃል ይፈቱና "አንድም" ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ። እንደገና "አንድም"። የመጀመሪያውን አልሻሩም፣ ሁለተኛውንም አልጫኑም። አንድምታ የተባለው ከዚሁ ነው። እኔ ይህን ቃል ከምክክር መጽሐፎቼ ሁሉ እወደዋለሁ። "የሚናደዱት ስለናቀዎት ነው" ሲባል በሩ ተዘጋ። "አንድም ስለናቀዎት ይሆናል፣ አንድም እንዳይሄድብዎት ፈርተው ይሆናል፣ አንድም እኔ ያልታየኝ ሌላ ይኖራል" ሲባል ሰውየው ራሱ መተርጎም ይጀምራል። ሦስተኛዋ አንድም የእሱ ናት። ብዙ ጊዜ ትክክለኛዋም እሷ ናት።

ለስላሳነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይሉኝታ ላለበት አገር መውጫ ቀዳዳ ነው። ሰውየው እኔን ሳያሳፍር ሊያርመኝ ይችላል። "ሁለተኛዋ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን…" ይላል። ያ "ግን" ነው የምፈልገው።

አንዳንድ ሰው ግን አንድም አይፈልግም። "ቁርጡን ንገሪኝ" ይላል። እነዚህ ያስቸግሩኛል፣ አልደብቅም። ቁርጡን የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ ሊደገፍበት ነው፣ አንዳንዴ ነገ "እሷ ናት ያለችኝ" ሊል ነው። እንደ ሰውየው አያለሁ። አንዳንዴ ደፍሬ እናገራለሁ። ተሳስቼም አውቃለሁ።

የጣሪያውን ሰውዬ አልጨረስኩላችሁም።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ የቀጠሯችንን ግማሽ ስለ ቆርቆሮ አወራን። ስንት ቅጠል እንደሚያስፈልግ፣ ማን ሊረዳ እንደሚችል፣ የቀበሌው ዝርዝር ውስጥ ስማቸው መኖር አለመኖሩን። የሥነ ልቦና ሥራ አልነበረም። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

ከአንድ ወር በኋላ መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

"ጣሪያውስ?" አልኳቸው።

"ተከደነ፣ አልሃምዱሊላህ። ጎረቤት ተሰባስቦ ከደነልኝ።" ትንሽ ዝም አሉ። "እንቅልፍ ግን አሁንም የለም፣ እህት ዓለም። ዝናቡ ሲመታው አዲሱ ቆርቆሮ ይጮሃል። ስንወጣ እንደነበረው ዓይነት ድምፅ።" ወደ መስኮቱ አዩ። "ባለፈው ስለ ጣሪያ ያልሽው ነገር ነበር። ያኔ ያበድሽ መስሎኝ ነበር። እስቲ ዛሬ ድገሚልኝ።"